ሣቅም ባለቤት አለው

ሣቅ ከሰው ጋራ የተፈጠረ ጠባይ ነው፤ በዘመናችን አዲስ ሆኖ የመጣው ሣቁ ሳይሆን ሣቁ የሚጓዝበት መንገድ ነው። ቀድሞ አንድ ቀልድ ከጎንደር ተነሥቶ ሸዋ እስኪደርስ የነጋዴንና የተማሪን እግር ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ቢሮ ውስጥ የታየ አስቂኝ ቪድዮ በብርጭቆ የተቀዳው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ከተማ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገር ይደርሳል። በመሥሪያ ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍልና በተማሪዎች መኝታ ቤት አንዱ በእጅ ስልኩ ያየውን አይቶ ይሥቃል፤ ለባልንጀራው ይልካል፤ ባልንጀራውም ለሌላው ያሳልፋል።

ስለዚህ ልማድ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» የሚለውን ተረት እየጠቀሰ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው፤ ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ፈጽሞ መወገድ አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሣቅ መድኃኒት ነው፤ ማንንም አልጎዳም፤ ያገኘነውን ብናካፍል ምን ጥፋት አለበት ብሎ ይከራከራል። እኛ ከሁለቱም ጋራ አንስማማም። የመጀመሪያው ወገን ጥፋቱን ከሌለበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥፋቱ ካለበት ቦታ ዐይኑን ያዞራል። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ይህ የምንላላከው ሣቅ የማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? የሚል ነው።

በቅድሚያ ሣቅን በጅምላ ለሚያወግዙት መልስ መስጠት ይገባናል። የሥራን ሰዓት በጨዋታ ማሳለፍ ነውር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዳሩ ግን ነውሩ የሰዓት እንጂ የሣቅ አይደለም። ባለጉዳይ በር ላይ አቁሞ ጋዜጣ የሚያነብ ሠራተኛ፣ ባለጉዳይ አቁሞ ቪድዮ ከሚያይ ሠራተኛ በምንም አይሻልም። ደግሞም አባቶቻችን ሣቅን ከቁም ነገር ለይተው አያዩትም ነበር። የጎንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በቤተ ክርስቲያን ዕውቀታቸው የተከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ የሚነሣው በቀልዳቸው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴያትር የሚባለውን ድርሰት ሲደርሱ የመረጡት መንገድ ለቅሶ ሳይሆን ሣቅ ነበር። «የአውሬዎች ኮሜድያ» በተባለው በዚህ ድርሰት እንስሳትን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት ስለ ነቀፉበት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቴያትሩ እንዳይታይ ተከለከለ። ሣቅ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

አንዳንዶችም ችግሩ የቪድዮዎቹ ማጠር ነው ይላሉ። ይህም ቢሆን ትክክል አይደለም። ከዚህ በታች የውጭ አገር ፊልሞችን ዓመታት የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን። ሉሚየር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ በገንዘብ ካሳዩአቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች መካከል አንዱ አስቂኝ ነበር። አንድ አትክልተኛ በጎማ ቧንቧ ውሃ ሲያጠጣ፣ አንድ ልጅ ከኋላው መጥቶ ቧንቧውን ይረግጥበታል፤ ውሃው ሲቋረጥበት አትክልተኛው የቧንቧውን አፍ ሊመረምር ወደ ፊቱ ሲያቀርብ፣ ልጁ እግሩን ያነሣና ውሃው ፊቱን ይመታዋል። ነገሩ ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እንግዲህ የአስቂኝ ፊልም ታሪክ የተጀመረው ዛሬ በስልካችን ከምንላላከው በማይረዝም ቁራጭ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ውስጥ ልንዘነጋው የማይገባ አንድ ነጥብ አለ። ያ አትክልተኛ የሉሚየሮች የራሳቸው አትክልተኛ ነበር፤ ምን እንደሚደርስበትም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ውሃው ፊቱን የመታው በፈቃዱ ነው፤ ስለዚህ በፊልሙ ላይ የምንሥቀው ከእርሱ ጋራ እንጂ በእርሱ ላይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ታላላቅ የሣቅ ሰዎች ስንመለከት ይኸው ሕግ ጸንቶ እናገኘዋለን። በስተር ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» በተባለው የ1924 ፊልሙ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያ የውሃ ማጠራቀሚያ የወረደ ኀይለኛ ውሃ መትቶ በሐዲዱ ላይ ጥሎታል። ያን ጊዜ አንገቱ መሰበሩን የተረዳው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ሲመረምረው ነው። ይኸው ሰው በ1928 በሠራው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» በተባለው ፊልም፣ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ በሙሉ ሲወድቅበት ክፍት የሆነችው የላይኛዋ መስኮት በአካሉ ዙሪያ አልፋ ታድነዋለች። ግድግዳው የእውነት ነበረ፤ ቆሞበት ከነበረው ምልክት ጥቂት ፈቀቅ ቢል ኖሮ ሕይወቱን ባጣ ነበር። ሀሮልድ ሎይድም በ1919 ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ የይስሙላ የመሰለችው ቦምብ በእጁ ላይ ፈንድታ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ወስዳበታለች። ከአራት ዓመት በኋላ «ሴፍቲ ላስት» በተባለው ፊልም በረጅም ሕንጻ ላይ ካለ ትልቅ ሰዓት እጅ ተንጠልጥሎ ዓለምን ያሣቀው፣ የጎደለውን በሰው ሠራሽ ጣት ሞልቶ በጓንት ሸፍኖ ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን የከፈለው ዋጋ ደግሞ የተለየ ዐይነት ነው። ይህ ሰው በለንደን ከተማ በድህነት ያደገና ገና በሰባት ዓመቱ ወደ ድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር። በ1925 «ዘ ጎልድ ረሽ» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ የተራበው ሰው ጫማውን ቀቅሎ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ፣ ምስማሩን እንደ ዐጥንት እየመጠጠ በክብር ሲመገብ እናያለን። ጫማው ከጣፋጭ ነገር የተሠራ ነበር፤ ረኀቡ ግን ከልጅነቱ ያመጣው እውነተኛ ነገር ነው። ስለ ረኀብ ለመቀለድ መብት ያለው ራሱ የተራበ ሰው ነው፤ ቻፕሊንም የቀለደው በራሱ ረኀብ እንጂ በጎረቤቱ ረኀብ አልነበረም።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ለሣቃችን የከፈሉት ከገዛ አካላቸው፣ ከገዛ ኑሮአቸውና ከገዛ ክብራቸው ነው። ወደቁ፤ ነገር ግን ማንም አልገፋቸውም። ተዋረዱ፤ ነገር ግን ውርደቱን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተለማምደው፣ ራሳቸው ፈርመው አቀረቡት።

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። ከምንላላካቸው አስቂኝ ከሚባሉ ቪድዮዎች መካከል ምን ያህሉ ይህን ሕግ ያሟላሉ? በክረምት ጭቃ አንሸራቶአቸው የወደቁ አረጋዊ፣ አእምሮው ታውኮ በመንገድ ላይ ብቻውን የሚናገር ሰው፣ ጠጥቶ ራሱን ያላወቀ ጎልማሳ፣ በጥያቄና መልስ ውድድር ፈርታ ቃል የጠፋባት ተማሪ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ለመናገር ሞክሮ የተሳሳተ ሥራ ፈላጊ፣ እነዚህ ሁሉ በሰፊው ይሣቅባቸዋል። ከእነርሱ ማንኛቸውም ቢሆኑ ሣቁን አልደረሱትም፤ ለቀረጻው አልተስማሙም፤ ምናልባትም መቀረጻቸውን ያወቁት ልጆቻቸው ወይም ጎረቤቶቻቸው ሲነግሯቸው ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የተባለው ይህ ነው። ልዩነቱ፣ የዱሮው ዛፍ ላይ የሚወርደው የመንደሩ ምሳር ብቻ ነበር፤ የዛሬው ግን በሺህ የሚቈጠሩ፣ ዛፉንም ሆነ መንደሩን የማያውቁ ሰዎች ምሳራቸውን ያነሡበታል።

ለዚህም ከውጭ አገር የታወቀ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በካናዳ አገር በ2002 አንድ ወጣት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ክፍል ብቻውን ሆኖ፣ በፊልም እንዳየው ተዋጊ ዱላ እያሽከረከረ ራሱን ቀረጸ። ቀረጻውን ለማንም ሊያሳይ አላሰበም ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን ሌሎች ተማሪዎች አግኝተው በኢንተርኔት አሠራጩት፤ ዩቲዩብ የተባለው ድርጅት ገና ሳይቋቋም ቪድዮው ዓለምን አዳረሰ። ሚልዮኖች ሣቁ። ልጁ ግን መዘባበቻ ሆኖ ትምህርት ቤቱን ለመልቀቅ ተገደደ፤ ቤተሰቡም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። እነዚያ ሚልዮኖች እያንዳንዳቸው ቢጠየቁ፣ «እኔ ምን አደረግሁ? ሣቅሁ እንጂ» ይሉ ነበር። የጉዳቱም ምንጭ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ያዋጣው ጥቂት ስለ መሰለው ድምሩን ማንም አልቈጠረውም።

ከዚህ ላይ ሦስት መከራከሪያዎች እንደሚነሡ እናውቃለን።

የመጀመሪያው፣ «የቀረጽሁት እኔ አይደለሁም፤ የመጣልኝን አስተላለፍሁ እንጂ» የሚለው ነው። ሐሜት የሚያመላልስ ሰው፣ ወሬውን የፈጠረው ሌላ ነው ብሎ ነጻ ሲወጣ አይተን አናውቅም። በቢሮ አሠራርም ቢሆን፣ ደብዳቤን ሳያነብ ፈርሞ ያስተላለፈ ኀላፊ፣ ረቂቁን የጻፈው ሌላ ነው በማለቱ ከተጠያቂነት አይድንም። ማስተላለፍ ራሱ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ «ነገሩ የሆነው በአደባባይ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችል ነበር» የሚለው ነው። የአገራችን ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብና እንዳይባዛ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ የታወቁ ሰዎች፣ የመንግሥት ሥልጣን የያዙ፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረጉ ነገሮች ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ተከራካሪያችን በአንቀጽ 28 ሊጠለል ይሞክር ይሆናል። እኛ ግን ሕግ ያልቀጣው ሁሉ ጨዋነት የፈቀደው አይደለም እንላለን። አረጋዊው በአደባባይ ሲወድቁ በዚያ የነበረ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው ማንሣት ነው። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ሰው በሁለት እጁ ሊያነሣቸው አይችልም።

ሦስተኛው፣ «ይህን ሁሉ ከከለከላችሁ ምን እንሣቅ?» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው። በዛሬው ጊዜ በአገራችን ብዙ ወጣቶች ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተጫውተው፣ በራሳቸው ፊት ላይ ዱቄት እያፈሰሱና በራሳቸው ስንፍና እየቀለዱ የሚያቀርቡአቸው አጫጭር ቪድዮዎች አሉ። እነዚህ የአትክልተኛው የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሣቃቸው የራሳቸው ስለሆነ ሊሰጡን ይችላሉ፤ እኛም በደስታ ልንቀበል እንችላለን።

ዳሩ ግን በዚህም በኩል ሌላ በደል ይፈጸማል። በስጦታ የተሰጠንን ሣቅ ስንላላክ የሰጪውን ስም ቆርጠን እንጥላለን። የሠሪው ምልክት ይሸፈናል፤ መግቢያው ይቆረጣል፤ አንዳንዴም የሌላ ሰው ስም ይለጠፍበታል። ሠሪው ሲደክምበት የሰነበተው ሥራ ስም የለሽ ሆኖ ሲዞር፣ ተመልካቹና ከተመልካቹ የሚገኘው ጥቅም የቆራጩ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410፣ ለሥራው ባለቤት ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል። የአገራችንም ልማድ ከአዋጁ በፊት ይህንኑ ያውቅ ነበር። ቀልድ የሚያወራ ሰው፣ «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ብሎ ይጀምራል። እንዲያውም የአለቃ ያልሆነውን እንኳ ለአለቃ እስከ መስጠት ደርሷል። አባቶቻችን ለባለቤቱ አብዝተው ሰጡ፤ እኛ ግን የራሱን እንኳ ነፍገነዋል።

ቁራጩ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሣቁንም ይገድለዋል። ስታን ሎረልና ኦሊቨር ሃርዲ በ1932 የሠሩት «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» የተባለው ፊልም፣ በአጭር አስቂኝ ፊልም ረገድ የአሜሪካን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ፒያኖ ተሸክመው እጅግ ረጅም በሆነ ደረጃ ላይ ወደ ኮረብታ ይወጣሉ፤ ፒያኖው እየተንሸራተተ ይመለሳል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ከብዙ ድካም በኋላ ጫፍ ሲደርሱ አንድ ፖስተኛ፣ ከኋላ በኩል እኮ የመኪና መንገድ ነበረ ይላቸዋል። እነርሱም ፒያኖውን መልሰው ደረጃውን አውርደው በመንገዱ ሊያመጡት ይነሣሉ! በስልካችን የሚዞረው ግን ፒያኖው የሚንሸራተትበት ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ያን ያየ ሰው አንድ ዕቃ ሲወድቅ አየ። ፊልሙን በሙሉ ያየ ግን ትእዛዝን ሳያስብበት የሚፈጽም ሰው ምን እንደሚመስል አየ፤ ይህንንም ለማየት ከመንግሥት ሠራተኛ የበለጠ የሚጠቀም ተመልካች ያለ አይመስለንም።

በአገራችን እጅግ የሚወደደው ሚስተር ቢንም እንዲሁ ነው። ፊቱን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ነገር ግን በ1990 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን መታየት ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ሮዋን አትኪንሰን ይህን ሰው ያለ ቃል ለማናገር የደከመው በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ጀምሮ መሆኑን የሚያውቅ ስንት ነው? ቻፕሊን በ1931 በወጣው «ሲቲ ላይትስ» ውስጥ ዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ሰው ሀብታም ነው ብላ የምትሳሳትበትን አንድ ትርኢት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንዳስቀረጸ ተመዝግቧል። ያ ትርኢት በማንም ዐይነ ስውር ላይ አያላግጥም፤ ይህን ለማድረስ ነው ያ ሁሉ ድካም የተደከመው። ሣቅ ቀላል የሚመስለው፣ ክብደቱን ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለ ተሸከመልን ነው።

ለሣቅ ወሰን ማበጀት ሣቅን መጥላት አለመሆኑን ከቻፕሊን ሌላ ምስክር አንጠራም። በ1940 «ዘ ግሬት ዲክቴተር» በተባለው ፊልም ሂትለርን በዓለም ፊት መዘባበቻ ያደረገው እርሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ግን፣ በጀርመን የእስረኞች ሰፈሮች የተፈጸመውን ግፍ ያን ጊዜ ዐውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው ባልቻለም እንደ ነበር ገልጿል። በጨካኙ ላይ መሣቅ የሚችለው ሰው በተጨነቁት ሥቃይ ፊት ሣቁን ዋጠ። እንደዚህ ያለ ሰው ወሰን ካበጀ፣ እኛ በመንገድ ላይ የወደቀን ሰው ቪድዮ ሳናስተላልፍ ብንቀር የሚጎድልብን ምንድን ነው?

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቢሮ ባልደረቦች በጋራ የሚላላኩበት የቴሌግራም መስመር ያላቸው ኀላፊዎች፣ መስመሩን ከመዝጋት ይልቅ በሕሙምና በአረጋዊ፣ በተሳሳተ ተማሪና በሥራ ፈላጊ ላይ የሚሣቅበት ነገር እንዳያልፍበት በምሳሌነት ይጠብቁ። አለቃው ሣቀ ማለት ምንዝሩ ተፈቀደለት ማለት ነውና። መምህራንም አስቂኝ ፊልምን ከክፍል ከማባረር ይልቅ ወደ ክፍል ያስገቡት። ከ1930 በፊት የወጡት ድምፅ አልባ ፊልሞች በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት ዘመናቸው ያለፈ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛሉ። «ሸርሎክ ጁኒየር» ሦስት ሩብ ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ በየመካከሉ ከሚታየው ጥቂት ጽሑፍ በቀር አስተርጓሚ አይሻም። ተማሪው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ካየው በኋላ፣ የወደቀው ማን ነው? ለምን ወደቀ? ማን አሰበው? ተብሎ ይጠየቅ። እነዚህን ጥያቄዎች በኪተን ላይ የለመደ ልጅ በስልኩ ላይም መጠየቁ አይቀርም።

ተማሪዎችም ሆይ፣ አንድ ቪድዮ ከመላካችሁ በፊት የሠሪውን ስም ፈልጉ። ስሙ ከተገኘ ከነስሙ ላኩት፤ ባለቤቱ ይጠቀማል፤ የተላከለትም ሰው ሙሉውን ሥራ ፈልጎ ያያል። ሠሪ ከሌለውና በውስጡ የሚታየው ሰው ሳያውቅ የተቀረጸ መሆኑን ከተረዳችሁ ግን፣ ያ ሣቅ ከባለቤቱ ሳይፈቀድ የተወሰደ ዕቃ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ደግሞ በነጻ ስለ ተገኘ ስጦታ አይሆንም። ለወዳጅ የሚላክ ነገር፣ ላኪው በተቀባዩ ፊት ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ በሚታየው ሰው ፊት ቆሞ ሊያሳየው የማያፍርበት መሆን አለበት።